ሽማግሌ ለጋብቻ ብቻ አይላክም

ደብዳቤው አራት ገጽ ነው። በእጅ ተጽፎ፣ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ነው የደረሰኝ። ሁሉንም ማውጣት አይቻልም፤ ጸሐፊዋ እንዳትታወቅም አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ። ፍሬ ነገሩ ግን ይኸውላችሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ስሜን አልጽፍም፤ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ይበሉኝ። 20 ዓመቴ ነው። አባቴ እዚሁ ደሴ ብትን ጨርቅ ይነግዳል። ከእኔ በታች ሁለት ወንድሞች አሉኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ልብስ እሥላለሁ። አዲስ ሸሚዝ ሲገዛ ውስጡ የሚገባ ነጭ ካርቶን አለ አይደል? አባቴ ከሱቅ ይዞት ይመጣ ነበር፤ እሱ ላይ ነው የምሥለው። አሁን አልጋዬ ስር ያለው ከመቶ ይበልጣል። ከእናቴ በቀር የሚያውቅ የለም።

በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና አለፍኩ። ባሕር ዳር ደረሰኝ። እዚያ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ትምህርት እንዳለ ስሰማ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቴ ግን ‹ሬሳዬን ተሻግረሽ ካልሆነ አትሄጂም› አለ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ስለ ትምህርት አይወራም። ዘመድ ጥየቃም ሰርግም ከእናቴ ጋር ብቻ ነው። ከመግሪብ በኋላ በር ላይ መቆም እንኳ ያስቆጣል። ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፤ ማታ ሦስት ሰዓት ሲገባ የት ነበርክ የሚለው የለም። (አባቴ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጦርነቱ ከተማችን የገባ ጊዜ በሌሊት ይዞን ወደ ገጠር ወጣ። ከተመለስን በኋላ ነው የተለወጠው።)

አሁን ደግሞ ሽማግሌ መጥቷል። ሰውየው ኮምቦልቻ ሱቅ አለው፤ 33 ዓመቱ ነው። መጥፎ ነው አልልም፤ አላውቀውም። ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ቡና አቅርቤ፣ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አባቴ ከረመዳን በኋላ መልስ እሰጣችኋለሁ ብሏቸዋል።

አንዲት ጓደኛዬ በደላላ ጂዳ ልትሄድ ነው። ‹ነይ አብረን እንጥፋ› ትለኛለች። አንዳንዴ ልቤ ይሸፍታል። ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ ፒያሳ ብቻዬን ስሄድ እንኳ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው የባንክ ደብተር ላወጣ ሄጄ ሰልፍ ላይ ላብ አጠመቀኝ። ፎርሙን ሳልሞላ ተመለስኩ። እንዲህ ሆኜ ምን ሕልም አለኝ ይባላል? ሕልሜ ትዕቢት ይሆን? አባቴን ሳላስቀይም መኖር ይቻላል?»

እህቴ፣ አብሽሪ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያነበበው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው ሽማግሌዎቹ ላይ ነው። የእኔ ግን ደጋግሞ ባንኩ ጋ ይመለሳል። ከዚያ ልጀምር።

ሰልፍ ያዝሽ። ልብሽ ይመታ ጀመር። እጅሽ ላበው። ምን ልበላት? ብሳሳትስ? ቢስቁብኝስ? በመጨረሻ ፎርሙን ይዘሽ ወጣሽ። ደጅ ስትደርሺ ምን እንደተሰማሽ አልጻፍሽልኝም። ግን ቀልሎሽ መሆን አለበት። አየር ገብቶልሽ መሆን አለበት።

ወጥመዱ ያለው እዚያ እፎይታ ውስጥ ነው። አእምሮሽ በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር መዘገበ፦ «ስለሸሸሁ ተረፍኩ»። ባንኩ ውስጥ ግን የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ብትቆዪ ኖሮ ልብሽ ትንሽ መትቶ መትቶ ይረጋ ነበር። ሰውነት ለዘላለም ሲንቀጠቀጥ አይኖርም፤ ይደክመዋል። ሳይረጋ ስለወጣሽ ግን አእምሮሽ ይህን አላየም። በሚቀጥለው ጊዜ ባንኩ ይበልጥ ያስፈራል። እኛ በሙያችን ከምናያቸው ጭንቀቶች እጅግ ብዙዎቹ የሚያድጉት በዚህ መንገድ ነው። በሸሸናቸው ቁጥር ይፋፋሉ።

አሁን ደግሞ አባትሽን ተመልከቺው። ከቤት ስትወጪ ልቡ ይመታል። የሚያስበው ክፉ ክፉውን ነው። «አትሄጂም» ይላል፤ ትቀሪያለሽ። እፎይ ይላል። «ስላስቀረኋት ተረፈች» ብሎ ይመዘግባል። በማግሥቱ ያንቺ መውጣት ከትናንቱ ይበልጥ ያስፈራዋል።

አየሽው? አንቺም እሱም የያዛችሁ አንድ በሽታ ነው። ልጅ ከወላጁ የሚወርሰው መልክ ብቻ አይደለም። ወላጁ ፊቱ የተቋጠረበትን ነገር እያየ «ይሄ ያስፈራል» ብሎ ይማራል። አንቺ ዓለምን የተማርሽው ከአባትሽ ፊት ላይ ነው። እግርሽ ፒያሳ ላይ የሚንቀጠቀጠው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም፤ ሕልምሽ ውሸት ስለሆነም አይደለም። ማንም አላለማመደሽም። 20 ዓመት ሙሉ ያልዋኘ ሰው ሐይቅ ዳር ቆሞ ቢፈራ ምን ይገርማል?

ስለ አባትሽ ከጻፍሽው ሁሉ ትልቁን ነገር በቅንፍ ውስጥ ነው ያስቀመጥሽው። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የ16 ዓመት ልጅ ነበርሽ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተሞቹ እስኪለቀቁ ድረስ የነበሩትን ሳምንታት የከተማችን ሰው ያውቃቸዋል፤ እኔ አልዘረዝራቸውም። የሴት ልጅ አባት የሆነ ሰው በእነዚያ ቀናት ምን ምን ሲሰማ እንደሰነበተ አስቢ። በሌሊት አስነስቶ ያወጣሽ ለሚስቱና ለልጁ ፈርቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብሎ ስለዚያ ሌሊት ለአንድ ሰው ያወራ አይመስለኝም። አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ነገር ሆድ ይፍጀው ብለው ነው የሚያልፉት። ሆድ ግን አይፈጀውም። በቁጣ ይወጣል። በር በመቆለፍ ይወጣል።

ይህን የምነግርሽ አባትሽን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማታ ሦስት ሰዓት ለሚገባው ወንድምሽም ይፈራ ነበር። ለ17 ዓመት ልጅ የደሴ ማታ ካንቺ ይልቅ ለእሱ ደህና ነው ያለው ማነው? እዚህ ላይ ሌላ ነገር አለ። የሰው አፍ አለ። የቤቱ ስም ያለው በሴት ልጅ ትከሻ ላይ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ እሷ ስትወጣ ስሙም አብሮ የወጣ ይመስላል። ወንዱ ቢያጠፋ «ልጅነት ነው» ይባላል። ሴቷ ሳታጠፋ ትጠረጠራለች። ይህ ትክክል አይደለም። አባትሽን የሚወድ ሰው ሁሉ ሊነግረው ይገባል።

ፍርሃቱንና የሰው አፉን የለየሁልሽ መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። ፍርሃት በክርክር አይሸነፍም። «ምንም አልሆንም» ብለሽ አንድ መቶ ጊዜ ብትምዪለት ልቡ አይረጋም። ሄደሽ፣ በሰዓትሽ ተመልሰሽ ሲያይ ብቻ ነው የሚረጋው፤ ደግሞ ሲያይ፣ ደግሞ ሲያይ። የሰው አፍ ደግሞ አንቺ ብቻሽን የምትመክቺው አይደለም። እሱን የሚመልሰው ሌላ ሰው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አስቀድሜ «ሕልሜ ትዕቢት ይሆን?» ላልሽው ልመልስ።

በ2016 ፈተናውን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ አምስት ገደማ ነበሩ። አንቺ ከእነዚያ አንዷ ነሽ። ያውም ከጦርነት ወጥተሽ። አልጋሽ ስር ያለውስ? ማንም ሳያዝሽ፣ ማንም ሳያሞግስሽ፣ በተጣለ ካርቶን ላይ ከመቶ በላይ ሥዕል መሥራት ትዕቢት አይባልም። ትዕቢተኛ ሰው የሚታይበትን ነው የሚሠራው። አንቺ ደብቀሽ ነው የሠራሽው።

ደግሞ አንድ ነገር አስተውዪ። ካርቶኑን ያመጣልሽ የነበረው አባትሽ ነው። እሱ ጨርቅ ይሸጣል፤ አንቺ ጨርቁ ምን እንደሚሆን ታስቢያለሽ። ሕልምሽ ከቤቱ የራቀ መስሎሽ ነበር። ከሱቁ ነው የወጣው።

የምታስጨንቅሽ ሌላ ሐሳብም አለች። «ወይ ሕልሜን፣ ወይ ቤተሰቤን» ትያለሽ። ይህን ምርጫ ማን እንደሰጠሽ አላውቅም፤ ግን አትቀበዪው። ቺዴም ካእትቺባሺ የሚባሉ ቱርካዊት የሥነ ልቦና ሊቅ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት እንደኛ ያሉ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተያይዞ የሚኖርባቸውን ማኅበረሰቦች ነው። የሌሎች አገር ምሁራን «ልጅ የሚበስለው ከወላጁ ሲለያይ ነው» ሲሉ እሳቸው አልተስማሙም። በራስ መወሰን እና ከቤተሰብ ጋር መቀራረብ ጠላቶች አይደሉም አሉ። አንድ ሰው በራሱ የሚወስንም፣ ለወላጆቹ የቀረበም ሊሆን ይችላል፤ ጤናማ ሆኖ ያገኙትም ሁለቱ አብረው ያሉበትን ነው። እኔ በዚህች ከተማ ከማያቸው ቤተሰቦች ጋር ሳስተያየው እውነታቸውን ነው። አባቷን የምታከብርና የራሷን ሥራ የምትሠራ ሴት ደሴ ውስጥ ሞልታለች። ገበያውን ዞር ብለሽ ብታዪ ይበቃል።

አሁን ጓደኛሽን እናንሳ። እዚህ ላይ ሳልሸፋፍን ልናገር። ወደ ዓረብ አገር ሄደው ቤተሰብ ያቆሙ፣ እህት ወንድም ያስተማሩ የወሎ ልጆች አሉ፤ ክብር ይገባቸዋል። በደላላ በሌሊት መጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው። መንገዱ በባቲ በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ከዚያ ባሕር አለ፣ ከባሕሩ ማዶ የመን አለች፣ ከየመን በኋላም ድንበር አለ። በእያንዳንዱ ቦታ የሚረከብሽ ሌላ ደላላ ነው። ሰዎች በረሃው ላይም ባሕሩ ላይም አልቀዋል፤ ለገንዘብ ተይዘው ቤተሰብ ንብረቱን ሸጦ ያስለቀቃቸውም አሉ። ደርሰሽስ? ከአንድ የተዘጋ ቤት ወጥተሽ ሌላ የተዘጋ ቤት ትገቢያለሽ። ልዩነቱ እዚያኛው ቤት ውስጥ ሥዕልሽን የምታውቅ እናት አለመኖሯ ነው። ጓደኛሽንም አትተያት። መሄዷ የማይቀር ከሆነ ስልጠናና የተመዘገበ ውል ባለው ሕጋዊ መንገድ እንድትሄድ ለምኛት።

ደግሞ ልብሽ የሸፈተው ጂዳን ስለወደድሽ አይደለም። ሽማግሌዎቹ መልስ ሊወስዱ ስለሚመጡ ነው።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ዝም አልሽ። ጨዋ ልጅ እንዲህ ነው የምታደርገው ብለው ስላስተማሩሽ ነው ዝም ያልሽው። በልብሽ «እምቢ» ነበር። ግን በአገራችን የልጃገረድ ዝምታ ምን ተብሎ እንደሚተረጎም ታውቂያለሽ? «አፍራ ነው እንጂ እሺ ብላለች» ነው የሚባለው። አንቺ ቡናውን አስቀምጠሽ ስትወጪ እነሱ መልሳቸውን ያገኙ መስሏቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ዝምታሽን መፍታት አለብሽ። መጮህ አያስፈልግም። ዛሬ ወይ ነገ፣ እናትሽን ብቻዋን ስታገኚያት፣ እንዲህ በያት፦ «እማ፣ እኔ እሺ አላልኩም። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። አሁን ማግባት አልፈልግም።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት። አልጋሽ ላይ ሆነሽ ጮክ ብለሽ ተለማመጃት። ከአፍ ወጥቶ የማያውቅ ቃል በጭንቅ ሰዓት አይወጣም።

ኒካህ ከመታሰሩ በፊት ልጅቱ መጠየቅ እንዳለባት ሸሆቹ ራሳቸው ያስተምራሉ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ጋብቻ የሚጸናው በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ እንደሆነ ይደነግጋል። ይህን የምነግርሽ ሕግ ይዘሽ አባትሽ ፊት እንድትቆሚ አይደለም። እግርሽ መሬት እንዲረግጥ ነው። ልመና ላይ አይደለሽም። ያለሽን ነገር ነው የምትናገሪው።

እናትሽ ላይ ትንሽ ልቆይ። ካርቶኖቹን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት ብለሻል። አይታ ዝም ብላለች። አልጣለቻቸውም፤ ለአባትሽም አልነገረችም። ይህ ዝምታ ያንቺን አይመስልም። ይጠብቃል። አንድ ቀን ቡና ስታፈሉ፣ ቶናው ላይ፣ እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት፦ «እማ፣ በኔ ዕድሜ ሳለሽ ምን ትመኚ ነበር?» ከዚያ አትናገሪ። ስሚያት። ይህን ጥያቄ ጠይቂ ያልኳቸው ልጆች ብዙ ጊዜ ተገርመው ነው የሚመለሱት። እናቶቻችንን የጠየቃቸው ሰው የለም። መልሷ ምንም ይሁን ምን፣ ከዚያ ቀን በኋላ ቤት ውስጥ ብቻሽን አይደለሽም።

አሁን ወደ ሰው አፍ ልመለስ።

እኛ ወሎዎች ሽማግሌ የምናውቀው ለምንድን ነው? ለጋብቻ ብቻ ነው? አይደለም። ወሎ አበጋር ያለው አገር ነው። አበጋሮቹ ተቀምጠው ደም የተቃባ ሰው ያስታርቃሉ፤ ገዳይና የሟች ወገን አንድ ገበታ ላይ ይቀርባሉ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሰው በአንዲት ልጅ ትምህርት ምክንያት አባትና ልጅ ዓመት ከዓመት ሲኮራረፉ ዝም ብሎ ማየት የለበትም። ሽማግሌ ላኪበት። አዎ፣ አንቺ፣ ለአባትሽ። ሰውየው ላንቺ ሽማግሌ ከላከ፣ አንቺም ለትምህርትሽ መላክ ትችያለሽ።

ማንን? አባትሽ ፊቱን የማያዞርበትን ሰው። አጎት ሊሆን ይችላል። የሚሰግድበት መስጊድ ያለ አዋቂ ሊሆን ይችላል። እኔ ከሁሉ የምመርጠው ግን ልጁን ያስመረቀ የገበያ ጓደኛ ነው፣ ካለ። ምክንያቱም የአባትሽ ትልቁ ጥያቄ «ሰው ምን ይላል?» ነው፤ እሱ ደግሞ ራሱ ሰው ነው። «እኔም ልጄን ልኬ ነበር። ያወራ አወራ፤ ተመርቃ ስትመጣ ዝም አለ» ካለው፣ አንቺ ዓመት ሙሉ ብታለቅሺ የማታገኚውን ያገኛል። ሰውየውን እናትሽ ትምረጥልሽ። ከአንድ ይልቅ ሁለት ቢሆኑ ይሻላል።

ሲመጡ አንቺን ከሰው ፊት ከፍ አድርገው አባትሽን ዝቅ እንዳያደርጉት አደራ በያቸው። «ልጅህ ልክ ናት፣ አንተ ተሳስተሃል» ከተባለ ነገሩ ያልቅለታል። «ልጅህን ጠብቀህ እዚህ አድርሰሃል፤ አሁን ደግሞ እንለምንሃለን» ነው መባል ያለበት። የሚለምኑትም አንድ ነገር ይሁን፦ የጋብቻው ነገር ይቆይ፣ ትምህርቱ ከቅርብ ይጀመር።

ከቅርብ ስል ምን ማለቴ ነው? ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት ትምህርት እዚያም ይሰጣል። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሐረጎ ቁልቁለት ወርደሽ ትደርሻለሽ። እዚህ ደሴ ደግሞ ወይዘሮ ስሕን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ የሙያ ስልጠና ይሰጣል። ምን ምን ዘርፍ እንደከፈቱ፣ ያንቺ የባሕር ዳር ምደባም አሁን ምን ላይ እንደሆነ ሬጅስትራር ሄዶ መጠየቅ ነው። እንደማይሆን ከነገሩሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ በክፍያም፣ በማታም፣ በሙያ ስልጠናም የሚጀመር አለ። ወሬ ሰምተሽ አትወስኚ። ወረቀት ይዘሽ ተመለሺ። ሽማግሌዎቹ ያንን ወረቀት ይዘው ቢገቡ «የት ታድራለች? ማን ያያታል? ስንት ይፈጃል?» ለሚለው የአባትሽ ጥያቄ መልስ አላቸው።

ኮምቦልቻን ያነሳሁት ባሕር ዳርን እንድትረሺ አይደለም። ለአባትሽ ልብ የመጀመሪያዋ ደረጃ እንድትሆን ነው። የባሕር ዳር መንገድ ሰላምም እስኪለይ።

የኮሌጁን ስም ሳነሳ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ለሽማግሌዎቹ ይጠቅማል። ወይዘሮ ስሕን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ደሴ ስንት ትውልድ ያስተማረችበትን ትምህርት ቤት በሴት ስም ነው የጠራችው። ልጃቸው እቴጌ መነን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ሴት ልጅ ማስተማር ከሌላ አገር የመጣ ነገር ነው የሚል ካለ፣ ከዚሁ ከወሎ ቤት እንደወጣ ይንገሩት።

ስለ ሰውየው ብዙ አልልም። «አላውቀውም» ብለሻል፤ ይህ ራሱ በቂ መልስ ነው። ምናልባት ደህና ሰው ይሆናል። ግን የማታውቂውን ሰው ከፍርሃት ለማምለጥ ብለሽ አታግቢ። ለአባትሽ እፎይታ ብለሽም አታግቢ።

እስከዚያው አንቺ የምትሠሪው ሥራ አለ። አልበርት ባንዱራ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጽሑፍ ሰው «እችላለሁ» ብሎ ማመንን ከየት እንደሚያገኝ አስረድቷል። ምክርም ማበረታቻም ትንሽ ይረዳሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድን ነገር በገዛ እጅ ሠርቶ ማየት ነው። ስለዚህ እኔ «ትችያለሽ» ብልሽ ብዙ አይጠቅምሽም። ባንክ ግቢ።

እንዲህ አድርጊ። ያን ፎርም ካልጣልሽው ቤት ቁጭ ብለሽ ሙዪው። ከጣልሽው እናትሽ ወይ ወንድምሽ አንድ ያምጡልሽ። ፋይዳሽን ያዢ። እናትሽ አብራሽ ትምጣ፤ ግን ደጅ ትቁም። ሰልፍ ስትይዢ ልብሽ ይመታል። ይምታ። አትጣይው፣ አታባብዪውም። እግርሽ መሬቱን ሲረግጥ ይሰማሽ፤ ትንፋሽሽን ቀስ አድርገሽ አውጪ። ላቡ ቢመጣም አትውጪ። ተራሽ ሲደርስ «ደብተር ላወጣ ነው፤ የመጀመሪያዬ ነው» በያት። ይህን መናገር ውርደት አይደለም፤ ሠራተኛዋ ታግዝሻለች። ጨርሰሽ ስትወጪ አእምሮሽ የሚመዘግበው ሌላ ነገር ነው። በሳምንቱ ብቻሽን ሂጂ። ከዚያ ፒያሳ፣ አንድ ዕቃ ገዝተሽ መመለስ። ከዚያ እስከ ኮምቦልቻ በሚኒባስ፣ ከእናትሽ ወይ ከአክስትሽ ጋር።

የምትሄጂበትን ሁሉ ለአባትሽ ተናገሪ። «በስምንት ሰዓት እመለሳለሁ» ካልሽ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ግቢ። በድብቅ አትውጪ። ይህን የምልሽ መውጣት ነውር ስለሆነ አይደለም። አንድ ጊዜ በድብቅ ወጥተሽ ከተያዝሽ፣ የፈራው ሁሉ እውነት ሆኖ ይታየዋል። በሰዓትሽ የገባሽባት እያንዳንዷ ቀን ግን ለሱም የባንክ ሰልፍ ናት። ልቡ ይመታል፤ ትመለሻለሽ፤ ይረጋል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እነግርሻለሁ። ይህ ሁሉ ምክር የሚሠራው ፍርሃቱ ለበዛበት፣ ግን ለሚወድሽ አባት ነው። እጁን ካነሳብሽ፣ ከቤት እንዳትወጪ ከቆለፈብሽ፣ ወይም እምቢ እያልሽ ኒካህ ሊያስሩ ከተነሱ፣ ሽምግልናን አትጠብቂ። ወደምታምኚው ዘመድ ሂጂ፤ ለከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ አመልክቺ። 20 ዓመትሽ ነው። ያለ ፈቃድሽ ሊድርሽ የሚችል ሰው የለም።

ምናልባት ይህን የሚያነብ የሌላ ልጅ አባት ይኖራል። ለእርስዎም አንድ ቃል አለኝ። ያን ጊዜ ልጅዎን ይዘው በሌሊት የወጡ ከሆነ፣ አትርፈዋታል። ማንም አይወስድብዎትም። መንገዱ ዛሬም ያሳስባል፤ ፍርሃትዎ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግን ከሁሉ ነገር የተጠበቀች ልጅ የባንክ ሰልፍ ላይ መቆም አቅቷት ተመለሰች። እርስዎ ሁልጊዜ አብረዋት አይኖሩም። አንድ ቀን ብቻዋን መንገድ መሻገር አለባት። ያን ቀን ማን ያሻግራታል? አሁን፣ እርስዎ ቆመው እያዩ፣ ትለማመድ። ስለዚያ ሌሊት ደግሞ ከሚያምኑት ሰው ጋር ቁጭ ብለው ያውሩ። ለሚስትዎ ቢሆን እንኳ።

እህቴ፣ ደብተሩን ያወጣሽ ዕለት ጻፊልኝ። እናትሽ የመለሰችልሽንም ልሰማው እፈልጋለሁ።

ካርቶኖቹን ደግሞ ከአልጋው ስር አውጪያቸው። ሦስት አራቱን ምረጪና ለይተሽ አስቀምጪ፤ ሽማግሌዎቹ ሄደው ቤቱ ሲረጋ፣ አባትሽ ሱቁን ዘግቶ ሻይ ሲጠጣ የምታሳዪው ይሁን። የቀሩትን በላስቲክ ጠቅልለሽ ቁም ሳጥን ላይ ስቀያቸው። የደሴን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ እርጥበቱ ካርቶን ይበላል።